ከድንበሯ የሰፋ ሸክም ያለባት ከተማ፦ የሸዋ ሮቢት አስተዳደርና የይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻ ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚልቀው ደጋ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት መሬትም በማሽላ፣ በማሾና በመስኖ በሚለማ ሽንኩርት ይተካል። በሰሜን ሸዋ ዞን ከሚገኙት የይፋት ቆላ ዋና ዋና የንግድና የአገልግሎት ማዕከላት አንዷ የሆነችው ሸዋ ሮቢት የምትገኘው በዚሁ ቁልቁለት ግርጌ፣ ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ነው።

በ1999 በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ከ17 ሺህ በላይ እንደነበር ተመዝግቧል። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ከዚያ ወዲህ የወጡት አኃዞች በሙሉ በትንበያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ግን ማዘጋጃ ቤቱ የሚያገለግለው በመዝገብ የሰፈረውን ነዋሪ ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን የቀወት ወረዳ ገበሬ፣ ከደጋው እህል ጭኖ የሚወርደው ነጋዴ፣ የአርጎባና የኦሮሞ ገበያተኛ እንዲሁም ከሰሙ ሮቢ አካባቢ ግመልና ፍየል ይዞ የሚመጣው የአፋር አርብቶ አደር በከተማዋ ይገናኛሉ። በአውራ ጎዳናው የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ለምሳና ለአዳር ይቆሙባታል። በአጠገቧ የሚገኘው የፌዴራል ማረሚያ ቤትም ጠያቂ ቤተሰቦችን ከሩቅ ይስባል።

እነዚህ ሁሉ ውኃ ይጠጣሉ፣ ቆሻሻ ይጥላሉ፣ መንገድ ይረግጣሉ፣ የጤና ተቋም ይጠቀማሉ። የከተማ አስተዳደርን የሚመለከቱት ሕጎችና የበጀት አሠራሮች ግን ከተማን የሚመዝኑት በነዋሪው ቁጥርና በወሰን ምልክቱ ነው። በከተማዋ የሚስተዋሉት የመልካም አስተዳደር ችግሮች ከሠራተኛ ማነስና ከሥነ ምግባር ጉድለት ጋር ብቻ ተያይዘው ሲነገሩ መስማት የተለመደ ነው። ይህ በከፊል እውነትነት ቢኖረውም ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የከተማዋ ሸክምና ድንበር አለመመጣጠናቸው ነው።

የይፋት ምድር ለከተማ ሕይወት እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ አል ዑመሪ የይፋትን ከተሞች በስም ጠቅሶ ጽፏል። የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎችም በ2000 ዓ.ም አካባቢ ባደረጉት ጥናት ኖራ፣ አስበሪና መሳል በተባሉት ሥፍራዎች መስጊዶችና የድንጋይ ቤቶች ያሏቸውን የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ መዝግበዋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚገባው በአልዩ አምባ ሲሆን፣ የምሥራቁን ጠረፍና የቀረጥ ኬላውን የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። የማዕረግ ስማቸው ራሱ ከጥንቱ የይፋት ገዥዎች የተወረሰ ነው።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳይ አንድ ፋይዳ አለው። የአካባቢው የገበያ ከተሞች የቆሙት በዋናነት ከአላፊ አግዳሚው በሚያገኙት ጥቅም ነበር። መንገደኛው ቀረጥ ይከፍላል፣ ከተማውም በበኩሉ ገበያውን ያስከብራል። ዛሬ አላፊ አግዳሚው በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ ለከተማዋ ካዝና የሚተወው ግን ጥቂት ነው።

ዘመናዊው ማዘጋጃ ቤት በሕግ የተደራጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሲሆን፣ በ1937 የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶች ምክር ቤት እንዲኖራቸው፣ ግብርና የአገልግሎት ክፍያም እንዲሰበስቡ መሠረት ጥሏል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ። በቀጣዩ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 80 የተደነገገው የቦታ ኪራይና የቤት ግብርም ኑሮውና ዋጋው ሲለወጥ አብሮ አልተለወጠም። በዚህም ምክንያት ለአሠርት ዓመታት ማዘጋጃ ቤት ማለት ብዙ የሚጠየቅና ጥቂት የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሆኖ ኖሯል።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ክልሎች አስፈላጊ ሆነው ያገኟቸውን የአስተዳደር እርከኖች እንዲያቋቁሙና ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ ቢደነግግም፣ ከአዲስ አበባ በስተቀር ስለ ከተሞች በተለይ የሚለው ነገር የለም። ክፍተቱን መሙላት ለክልሎች የተተወ ሥራ ነበር። የአማራ ክልል በዚህ ረገድ ቀደም ካሉት አንዱ ሲሆን፣ በ1992 አዋጅ ቁጥር 43ን አወጣ፤ ይህም በ1996 በአዋጅ ቁጥር 91 ተተካ። በእነዚህ ሕጎች ከተሞች በደረጃ ተከፈሉ፤ ምክር ቤት፣ ከንቲባና የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶችን የሚመራ ሥራ አስኪያጅ እንዲኖራቸውም ተደረገ። ሸዋ ሮቢትም ከዙሪያዋ የቀወት ወረዳ ተለይታ ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ለመሆን በቅታለች። ይሁንና የወረዳው ዋና ከተማ አሁንም እሷው ናት። አንድ ከተማ ሁለት አስተዳደሮችን አቅፎ መያዙ በራሱ ጉዳት ባይኖረውም፣ የጉዳዩ ባለቤት ማን እንደሆነ ለማያውቅ ባለጉዳይ ግን ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር መመላለስን አስከትሏል።

የአንድ ከተማ አስተዳደር ሥራ በሁለት ቋት የሚታይ ነው። አንደኛው ትምህርትን፣ ጤናንና የመሳሰሉትን የሚያካትተው የመንግሥት አገልግሎት ሲሆን ከክልሉ በሚመጣው ጥቅል በጀት ይደገፋል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት የሚባለው ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ፣ የደረቅ ቆሻሻ፣ የቄራ፣ የገበያ ሥፍራ፣ የመንገድ መብራትና የመቃብር ቦታ ሳይቀር በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ለዚህ ቋት ከላይ የሚመጣ ቋሚ በጀት የለም። ከተማው ራሱ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከገበያ ቦታና ከጉልት ኪራይ፣ ከኮቴ፣ ከግንባታ ፈቃድና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎች በሚሰበስበው ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። ከመንገዱና ከገበያው የሚመነጨው ጫና ያረፈው በሁለተኛው ቋት ላይ ነው። ቦዩን የሚደፍነው የገበያ ቀን ቆሻሻና የጫት ገረባ፣ የውስጥ መንገዱን የሚሰብረው የጭነት መኪና፣ በሌሊት ብርሃን የሚሻው የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት ናቸው። በአንጻሩ ከከተማዋ ትልልቅ ነጋዴዎች የሚሰበሰበው የንግድ ትርፍ ግብር ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ተብሎ አይመደብም። ለከተሞች ከሚሰጠው ድጋፍም ትልቁ ክፍል የሕዝብ ቁጥርን መነሻ የሚያደርግ ነው። በ2010 በዓለም ባንክ ድጋፍ በ117 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም ድጋፉን ከዓመታዊ አፈጻጸም ምዘና ጋር ማያያዙ በብዙ ከተሞች የዕቅድ፣ የግዥና የሒሳብ አያያዝ ሥርዓትን አሻሽሏል። የድልድሉ መነሻ ግን እዚያም ቢሆን የነዋሪው ቁጥር ነበር። ከነዋሪዋ የበለጠ እንግዳ የምታስተናግድ የመንገድ ላይ ከተማና ጸጥ ብላ የምትውል የውስጥ ከተማ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ ማለት ነው።

ይህን አለመመጣጠን በሕግ ለማቃለል የሞከሩ አገሮች አሉ። በፈረንሳይ ማዕከላዊው መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቶች ድጎማ ሲያከፋፍል የሚጠቀምበት የሕዝብ ቁጥር በቆጠራ ከተገኘው ይለያል። በየከተማው ያለ አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቤት እንደ አንድ ነዋሪ ተቆጥሮ ይደመርበታል። ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢመጣም ማዘጋጃ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ መንገዱንና የውኃ መስመሩን ያዘጋጅለታልና። በይፋት ቆላ የዕረፍት ቤት የለም፤ የገበያ ቀን ግን አለ። በገበያው በር በዓመት ለጥቂት ቀናት የሚደረግ ቆጠራ፣ በመናኸሪያውና በመኪና ማቆሚያዎች የሚያዝ መዝገብ ለክልሉ የድልድል ቀመር የሚሆን መረጃ ለማቅረብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እስካሁን ከታሰቡት የማሻሻያ ሐሳቦች ሁሉ ቀላሉ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ውኃው ወሰን አያውቅም

ሸክሙ ከገበያው ይልቅ በግልጽ የሚታየው በክረምት ነው። የሮቢ ወንዝና ሌሎች ጅረቶች ከደብረ ሲና ገደላማ አካባቢ ተነስተው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ድንጋይና አሸዋ ይዞ ነው። ወንዙ ፍጥነቱ ሲቀንስ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል፤ ወለሉ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጎርፍም ዳርቻውን ጥሶ ወደ ቤትና ወደ ማሳ ይገባል። ከጎርፉ በኋላ በየጉድጓዱ የሚቀረው ውኃ ደግሞ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በቆላው ቦይ መጥረግ የጽዳት ብቻ ሳይሆን የጤና ሥራም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጎርፉ የሚደርሰው በከተማው ሲሆን፣ የሚጀምረው ግን በአብዛኛው በጣርማበርና በቀወት ወረዳዎች መሬት ላይ ነው። የከተማው ከንቲባ በላይኛው ተፋሰስ ላይ ሥልጣን የላቸውም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በበኩሉ የእርከንና የክትር ሥራውን የሚያቅደው ለገጠሩ ማሳ በሚሰጠው ጥቅም እንጂ ለከተማው በሚያተርፈው አይደለም። በየዓመቱ በበጋ ወራት በሚካሄደው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ዘመቻ ገበሬው ያለ ክፍያ የሚሠራው እርከን በከተማው የሚፈርሰውን ግንብ ያድናል። ለዚህ ግን ከተማው ለገበሬው የሚመልሰው ነገር የለም። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠቀማል፣ በመካከላቸው የሒሳብ መዝገብ የለም። የከተማ አስተዳደሩና ሁለቱ ወረዳዎች ለተፋሰሱ የጋራ ዕቅድና የጋራ የወጪ መጋራት ስምምነት ቢኖራቸው፣ ከተማው በየክረምቱ ለድንገተኛ ጥገና ከሚያወጣው ከፊሉ ለደጋው ችግኝና ክትር ቢውል የተሻለ ውጤት ይገኝበታል። ለዚህ አዲስ አዋጅ ከማውጣት ይልቅ የዞኑ አስተዳደር ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጡ ይቀድማል።

የከተማዋ መስፋፋትም ቢሆን ከተመሳሳይ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው መሬት ብዙው በመስኖ የሚለማ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ካሣ የሚሰላው በአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ለውጦ በሦስት ዓመታት ውስጥ ያገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ለገበሬው ይህ ተገቢ መሻሻል ነው። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሽንኩርት የሚታፈስበትን ማሳ ለሚፈልግ ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ግን ክፍያው ከዓመታዊ ገቢው ጋር የማይመጣጠን ሊሆን ይችላል። ካሣ መክፈል ሲያቅት ቦታ ለልማት ማዘጋጀት ይቆማል፤ ሕጋዊ ቦታ ሲጠፋ ሕገ ወጥ ግንባታ ይስፋፋል። ብዙውን ጊዜ ሕገ ወጥ ግንባታን ማፍረስ እንደ ጥንካሬ መለኪያ ይታያል። ነገር ግን የፈረሰው ቤት ባለቤት በሕጋዊ መንገድ ቦታ የሚያገኝበት ጨረታ በዚያው ዓመት ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደነበር አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል። ለምለም ማሳን በቤት ከመሸፈን ይልቅ በከተማው ውስጥ ያለውን ቦታ አጠጋግቶ መጠቀም ለገበሬውም ለካዝናውም የሚበጅ በመሆኑ የመዋቅራዊ ፕላን ክለሳዎች ይህንኑ ከግምት ሊያስገቡ ይገባል።

ሰነድና ውክልና

ያለፉት ዓመታት የይፋት ከተሞችን በከባዱ ፈትነዋል። በሚያዝያ 2013 የኤፍራታና ግድም አካባቢዋ አጣዬ ስትቃጠል መኖሪያ ቤቶች፣ የንግድ ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወድመዋል። ከተፈናቀሉት ነዋሪዎች ከፊሎቹ የተጠለሉት ሸዋ ሮቢት ነበር። በኅዳር 2014 ደግሞ ሸዋ ሮቢት ራሷ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ፣ በዚያው ወር ነፃ መውጣቷ በመንግሥት ተገልጿል። በ2014 መገባደጃ ላይም የከተማዋ ከንቲባ አቶ ውብሸት አያሌው በታጣቂዎች ተገድለዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የተፈጠረው ግጭት በበኩሉ የአውራ ጎዳናውን እንቅስቃሴና የከተሞችን ገቢ አቀዛቅዟል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ በየማለዳው ቢሮውን ከፍቶ የሚቀመጥ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የሚሠራው ሥራ በአፈጻጸም ሪፖርት አኃዝ ተገልጾ አያልቅም።

የአጣዬ እሳት ለሁሉም ከተሞች የተወው አንድ ጥያቄ አለ። የይዞታ ማኅደር በአንድ ክፍል፣ በአንድ ካዝና፣ በወረቀት ብቻ ተቀምጦ ቢቃጠል ባለይዞታው ቤቱ የእሱ ስለመሆኑ በምን ያስረዳል? ማዘጋጃ ቤቱስ ግብር የሚሰበስበው ከየትኛው መዝገብ ነው? የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ቢሆንም ምዝገባው ቅድሚያ የተሰጠው ለትልልቅ ከተሞች ነበር። ለግጭትና ለጎርፍ የተጋለጡ ትንንሽ ከተሞች ግን ከትልልቆቹ ይልቅ ቅጂ ያስፈልጋቸዋል። ማኅደሩን በካሜራ አንስቶ ቅጂውን በዞን ወይም በክልል ማስቀመጥ የካዳስተር ሥርዓት እስኪሟላ ድረስ መጠበቅ የማይገባው ሥራ ነው።

ሌላው ጉዳይ የምክር ቤቶቹ ነው። የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ሲሆን፣ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዝሟል። በሰኔ 2013 የተካሄደው ምርጫም የሕዝብ ተወካዮችንና የክልል ምክር ቤቶችን እንጂ በክልሎች ውስጥ ያሉ የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶችን አላካተተም። በ2005 የተመረጡ ተወካዮች በሞት፣ በዝውውርና በመፈናቀል ተመናምነዋል። ከንቲባ በተደጋጋሚ ሲለዋወጥ ጥያቄ የሚያቀርብለት ምክር ቤት ደካማ ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ የሚመለከተው ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደ ላይኛው እርከን ይሆናል። ታሪፍ ለመጨመር የሚቀርብ ሐሳብም ይህንኑ ሳንካ ያገኘዋል። ነዋሪው ያልወከለው አካል ያጸደቀበትን ክፍያ በፈቃደኝነት አይከፍልም።

ጉዳዩ በተለይ አጣዳፊ የሆነው በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን በማጽደቁ ነው። ታክሱ ከተሞች ለሚሰጡት አገልግሎት የራሳቸው ገቢ እንዲሆን የታሰበ በመሆኑ፣ ሁለተኛውን ቋት ለመሙላት ከሊዝ ይልቅ ዘላቂ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሊዝ መሬት ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ቤት ግን በየዓመቱ ግብር ይከፈልበታል። ነገር ግን አዋጁን ተግባራዊ ለማድረግ የተሟላ የይዞታ መዝገብና የታክሱን ልክ በነዋሪው ፊት ቆሞ የሚከራከርበት ምክር ቤት ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ከተማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሳል። ታክሱን የሚከፍለው የቤት ባለቤት ነው፤ ቦዩን የሚደፍነው የገበያ ቀን እንግዳም ነው። የኮቴና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ በደረሰኝ ተሰብስቦ ለዚያው ለገበያውና ለመንገዱ መዋሉ በገበያው በር ላይ በሰሌዳ ካልተገለጸ፣ ነዋሪው የሌላውን ዕዳ እንደተሸከመ መቁጠሩ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ማንም ሳይፈቅድለት አንድ የከተማ አስተዳደር ዛሬውኑ ሊያስተካክለው የሚችለው አንድ ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በጀቱ ጸድቆ፣ የግዥ ሰነዱ ተዘጋጅቶ፣ ጨረታው ወጥቶ አሸናፊው እስኪለይ መስከረም ይጠባል። ደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ለቦይ ጠረጋና ለግንብ ጥገና የተያዘው ገንዘብ ሥራ ላይ የሚውለው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ግንቦት ደግሞ ቦዩ እንደገና ተደፍኖ ሳለ የበጀት መዝጊያ ደርሶ ቀሪው ሒሳብ ተመላሽ ይሆናል። የጠረጋውን ውል በጥቅምት ተዋውሎ የክፍያውን ጊዜ በሚያዝያና በግንቦት ላይ ማድረግ፣ ሠራተኛውንም ከሰኔ በፊት ቦዩ ውስጥ ማስገባት የፋይናንስ ሕጉ የሚከለክለው አይደለም።